በስምንት ቁጥር ትራም ውስጥ የተንጠለጠለው ቱምቢ

ትራም ያለው ከተማ ሁሉ አንድ ጠርጣሪ አያጣም። ትራሙ ሲዘገይ «መብራት ጠፍቶ ይሆናል» ብሎ ጋዜጣውን የሚገልጥ ሰው ተራ ተሳፋሪ ነው። ጠርጣሪው ግን «መብራቱን ማን አጠፋው?» ይላል። ከሰል የሚወጣበት ከተማ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከእግራችን ሥር ያለውን መሬት መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቆፍረን አውጥተን ስለሸጥነው፣ የቆምንበትን ቦታ እንኳ አምነን አንቆምም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት እኛ ዘንድ የግንባታ ደንብ ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ ጠርጣሪ ፓን ኤቫልድ ናቸው፤ በፖላንድኛ «ፓን» አቶ፣ «ፓኒ» ወይዘሮ ማለት ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር ፓን ኤቫልድ ግሮሊክ፣ ጡረተኛ የማዕድን ቀያሽ፣ የስምንት ቁጥር ትራም የዘወትር ታዛቢ፣ የመላው ሲሌዢያ የጥርጣሬ ሊቀ ሊቃውንት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ማዕረጎች የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸውን በጋም ሆነ ክረምት እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። ሁልጊዜ ጠዋት የመስኮቱ ጠርዝ ቀይ ከተቀባው ከአፖሎንያ ሰፈር ጡብ ቤቶች ወጥተው ይሳፈራሉ። ከሾፌሯ ኋላ በሦስተኛው ወንበር ይቀመጡና ከኪሳቸው የነሐስ ቱምቢ አውጥተው በክሩ ከእጀታው ብረት ላይ ያንጠለጥሉታል። ከዚያ እስከ ከተማው መሃል ድረስ እሱን ሲያዩ ይሄዳሉ።

«ፓን ኤቫልድ፣ ይቺን ነገርዎን ዛሬ እንኳ ባያንጠለጥሏት?» ትላቸዋለች ሾፌሯ ኡርሹላ። «ትናንት የአንዱን መነጽር መታችበት እኮ።»

«መነጽሩን እዚያ ድረስ ምን አመጣው?»

«ቆሞ ነበራ።»

«ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ የሚቆም ሰው አንድ ነገር አለው» ይላሉ ፓን ኤቫልድ። ከዚያ ያቺን ታዋቂ አነጋገራቸውን ያስከትላሉ፦ «ዝም ብሎ የሚሆን ነገር የለም።»

እኔ በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ሰዎች የምጽፍ ሰው ነኝ። መጀመሪያ አጠገባቸው የተቀመጥኩ ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ ገምግመውኝ «ማን ነው የላከህ?» አሉኝ።

«ማንም አልላከኝም። ወደ ሥራ እየሄድኩ ነው።»

«እንደዚያ ነው የሚሉት» አሉና ቱምቢያቸውን በአንድ ጣት ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት።

ሆኖም ጠርጣሪ ሰው አድማጭ ካገኘ አያስችለውም። በሦስተኛው ቀን የትራማችንን ታሪክ ይነግሩኝ ጀመር። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ይህ ታሪክ ግማሽ ገጽ ነው፤ በፓን ኤቫልድ አፍ ግን አንድ ረጅም የወንጀል ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ትራም በእንፋሎት የሚሄድ፣ ሐዲዱም ጠባብ ነበር። ለምን ጠባብ ሆነ? የማዕድኑ ባለቤቶች የጎረቤት ባለጸጋ ፉርጎ ገብቶ ሠራተኛ እንዳይወስድባቸው። በኋላ ሐዲዱ ሰፋ። ለምን ሰፋ? እሱን ገና አልደረሱበትም፤ ግን እየተከታተሉት ነው።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበሩ መንደሮቻችንን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ አለፈ። ስምንት ቁጥር ከፖላንድ ተነሥቶ፣ ጀርመንን አቋርጦ፣ ተመልሶ ፖላንድ ይገባ ነበር፤ መሃል ላይ በሩ ይቆለፍና ጉምሩክ ይሳፈራል። የፓን ኤቫልድ ሴት አያት አንድ ቀን ቅቤ ባርኔጣቸው ውስጥ ደብቀው ተሳፈሩ።

«ሙቀት ነበር። ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ ወረደ» አሉኝ። «ጉምሩኩ አየ። አይቶ ዝም አለ።»

«አዝኖላቸው ይሆናላ።»

«አያቴም መጀመሪያ እንደዚያ ብላ ነበር። በኋላ ግን እስክትሞት ድረስ ጠረጠረችው።»

ይህ በሽታ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ መንግሥት ተቀየረ፣ የመንገዱ ስም ተቀየረ፣ የትራሞቹም ቁጥር ተቀየረ። የቁጥሩ መቀየር ለእሳቸው ግልጽ ነው፤ ስንት መስመር እንደጎደለ ሰው እንዳይቆጥር ነው። እሳቸው ግን ቆጥረዋል። ዐሥራ አራት የነበረው አምስት ቀርቷል። ሲቀንስም አንድም ጊዜ «ዘጋነው» ተብሎ አያውቅም፤ «ለጊዜው ቆሟል» ነው የሚባለው። ሦስት ቁጥር ለጊዜው ከቆመ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በሐዲዱ መካከል የበቀለው ዛፍ አሁን እቅፍ ሞልቷል። ፓን ኤቫልድ በዚያ ባለፉ ቁጥር ኮፍያቸውን ያነሣሉ።

እነሆ አነስ አነስ ያሉትን ክሶች በአጭሩ ልለፋቸው። አዲሱ ወንበር ለስላሳ የሆነው የተኛ ተሳፋሪ ፌርማታ ስለማይቆጥር ነው። ተቆጣጣሪው ዘወትር ማክሰኞ የሚሳፈረው ሌላ ቀን የሚሠራው ነገር ስላለ ነው። ለቅድስት በርባራ፣ ለማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ ቅድስት በዓል፣ የትራም ድርጅቱ ለጡረተኞች ቸኮሌት ያደለ ጊዜ ቸኮሌቱን በልተው ሲያበቁ «ምን ሊወስዱብን ነው?» አሉ። ከሁለት ወር በኋላ አሥራ አንድ ቁጥር ለጊዜው ቆመ። ከዚያ ወዲህ በአፖሎንያ ሰፈር ቸኮሌት ደስ ብሎት የሚቀበል ሰው የለም።

ከኋላቸው የሚቀመጡት ጎረቤታቸው ፓኒ ኤርና ናቸው። ፓኒ ኤርና ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት በበርባራ መታጠፊያ ትራም ከሐዲዱ ወጥቶ ሲንጋደድ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በከዘራ ይሄዳሉ። ምላሳቸው ግን አልተነካም።

«ኤቫልድ፣ ዛሬ ፀሐይ በምሥራቅ ወጥታለች፤ ማን አዘዛት?» ይሏቸዋል።

«ይቀልዱ፣ ይቀልዱ» ይላሉ ፓን ኤቫልድ፤ የሴትዮዋን የገበያ ቦርሳ ግን ከጭናቸው ላይ አያወርዱም። ሲወርዱ ይሸከሙላቸዋል። የክረምት ከሰላቸውን ከምድር ቤት የሚያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድም ኮዎች የምንለውን የአይብ ኬክ ይዘው በራቸውን ያንኳኳሉ። ማንንም የማያምኑ ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ከየት እንዳመጡት ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጥርጣሬ ግን እንደ ጉንፋን ይተላለፋል። አብሬያቸው መሳፈር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝ እኔም እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ። ሐሙስ ሐሙስ በበርባራ መታጠፊያ ይወርዳሉ። እዚያ ከድሮ የባቡር ድልድይ አንድ የጡብ ምሰሶ በቀር ምንም የለም። አንድ ሐሙስ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርጄ ተመለስኩና ከቁጥቋጦ ኋላ ሆኜ አየኋቸው። በምሰሶው ላይ ከተመታ ችንካር ቱምቢያቸውን አንጠለጠሉ፤ ንፋሱ እስኪያልፍ በኮታቸው ከለሉት፤ ከዚያ ተንበርክከው ደብተር ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ሲነሡ ምሰሶውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። ሰውዬው መታጠፊያውን ምን ሊያደርጉት ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በከተማችን ሁሉም ግድግዳ ስንጥቅ አለው። በስንጥቁ ላይ ቀኑን የጻፍንበት ትንሽ ጄሶ እንለጥፋለን፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ መሬቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። የእኔ ማድ ቤት ሦስት አለው። የሰፈሩ ማዕድን፣ አፖሎንያ፣ ገና ከሰል ታወጣ በነበረበት ዘመን መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሾርባ ሳህናችንን ያዝ አድርገን ወሬያችንን እንቀጥል ነበር። ማዕድኑ ከተዘጋ ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎታል።

እንግዲህ ባለፈው መጋቢት በየፌርማታው ወረቀት ተለጠፈ። በበርባራ መታጠፊያ መሬቱ እየሰመጠ ስለሆነ ስምንት ቁጥር ለጊዜው ይቆማል ይላል። ኡርሹላ ትራሙን አቁማ ወርዳ አነበበችው። ከዚያ ተመልሳ ስትገባ ሁላችንም ወደ ሦስተኛው ወንበር ዞርን። ፓን ኤቫልድ ቱምቢያቸውን እየጠቀለሉ ነበር።

አፖሎንያ ሰፈር ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። በመኪና መንገዱ ላይ ያለው የባቡር ድልድይ ዝቅ ያለ ስለሆነ አውቶቡስ አያሳልፍም። ስምንት ቁጥር ከቆመ አራት መቶ ቤተሰብ ወደ ሐኪም ቤትም ሆነ ወደ ገበያ በእግሩ ነው የሚሄደው። ፓኒ ኤርና በእግራቸው የሚሄዱት እስከ ፌርማታው ብቻ ነው።

«እንግዲህ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የእርስዎን ኮዎች መብላት ነው» አሉ ፓኒ ኤርና።

ፓን ኤቫልድ የገበያ ቦርሳቸውን ተሸክመውላቸው ወረዱ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። ከትራም ድርጅቱ የመጣው ኢንጂነር ቪቶልድ ጨዋ ሰው ነበር፤ ከባሕሩ አቅራቢያ ካለ ከተማ ከመጣ ዓመት እንኳ አልሞላውም። በምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጄሶ ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ሰቀለ። ጄሶው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ጄሶ ከተሰነጠቀ መሬቱ እየሄደ ነው» አለ። «ይህን ለእናንተ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።»

ሁሉም ዐይን ወደ ፓን ኤቫልድ ነው። እኔ ብዕሬን አውጥቼ «ሆን ብላችሁ ሰበራችሁት» የሚለውን ገና ሳይናገሩት ጽፌዋለሁ። እሳቸው ተነሥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠጉ።

«ጥር አጋማሽ ላይ ነው የተለጠፈው» አሉ። «ኢንጂነር፣ ያን ቀን ብርዱ እንዴት ነበር?»

«አላስታውስም።»

«ዐሥራ ስምንት ከዜሮ በታች!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። «የእኛ ቤት ቧንቧ የፈነዳ ቀን ነው።» ከዚያ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው መሳቅ ጀመሩ። በእኛ ከተማ ጄሶ በውርጭ እንደማይለጠፍ የማያውቅ ባለትዳር የለም፤ ሳይደርቅ ይቀዘቅዝና በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል።

ፓን ኤቫልድ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ተንኮል አይደለም» አሉ። «ልጁ ቀናውን መስሎት የሠራው ነው። አገራችንን ስለማያውቅ ነው።»

አዳራሹ እንዲህ ደንግጦ አያውቅም። ሃያ ዓመት ተንኮል ያላዩበት ነገር የሌለ ሰው ተንኮል የለም ሲሉ፣ መጠርጠር ያለብን እሳቸውን ይሁን ኢንጂነሩን ጠፋን።

ከገበያ ቦርሳ ውስጥ ሰባት ደብተር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ይኸው። ሐሙስ ሐሙስ ለክቼ የጻፍኩት ነው። ምሰሶው መንቀሳቀስ ካቆመ አምስት ዓመት ሆነው። አንዲት ሚሊሜትር አልሄደም።»

ኢንጂነር ቪቶልድ ደብተሮቹን በአክብሮት ገለጠ። ከዚያም ቀስ ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፓን ኤቫልድ» አለ። «ይህን ማን አብሮዎት አረጋግጧል? እርስዎ የማንንም ቁጥር አያምኑም ይባላል። እኛ ታዲያ የእርስዎን ለምን እናምናለን?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ፓን ኤቫልድ ኮታቸውን ከፈቱት። እኔ ያ ኮት ተከፍቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም» አሉ። «ስለዋሸሁ ነው የምለካው። ከመታጠፊያው ሥር መሬቱን ደግፎ እንዲይዝ ሳይቆፈር የተተወ የከሰል ምሰሶ ነበር። ቢወጣ መሬቱ ምን ያህል እንደሚወርድ አስላ ተባልኩ። አሰላሁ፤ ዘጠና ሴንቲሜትር መጣ። አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ‹ዐሥራ ሁለት በል፤ ለበርባራ በዓል የተመደበብንን የከሰል መጠን እንሙላ› አለኝ። ዐሥራ ሁለት ብዬ ፈረምኩ። አላስገደደኝም። ቡና እንኳ ቀድቶልኛል። በፀደዩ መሬቱ ወረደ፣ ትራሙ ከሐዲዱ ወጣ።» ወደ ፓኒ ኤርና ለማየት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ከዚያ በኋላ ፊርማ ባየሁ ቁጥር እንዴት እንደሚፈረም አውቃለሁ። ሌላ ነገር የለኝም።»

እኔ ብዕሬን ኪሴ ከተትኩ። የፓኒ ኤርና ከዘራ ወለሉን ሲመታ ተሰማ፤ ሴትዮዋ ለመነሣት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ጨረሱ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«እኔ ይህን ካወቅሁ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

ፓን ኤቫልድ ቀና አሉ። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። የማዕድኑ ቀያሽ፣ ሰላም እንኳ የማይለኝ ሰው፣ ከሐኪም ቤት በወጣሁ በሳምንቱ ከሰሌን ተሸክሞ ደጄ ቆመ። እሑድ ደግሞ ኮዎች ይዞ መጣ። በሚቀጥለውም እሑድ መጣ። ዝም ብሎ የሚሆን ነገር የለም ያሉት እርስዎ አይደሉ? ጠረጠርኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«መጀመሪያ በጣም ጠልቼዎት ነበር፤ ዐይንዎን ላለማየት ነው። በኋላ ደግሞ ብናገር እግርዎ ከቤቴ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።» ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ የዚህን ሰውዬ ቁጥር ጻፍ። ይህን ዳሌ ተሸክሜ በዚያ መታጠፊያ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ የማልፈው ሐሙስ ሐሙስ እንደሚለካ ስለማውቅ ነው።»

ፓን ኤቫልድ ኮታቸውን መልሰው ለመቆለፍ ሞክረው ቁልፉና ቀዳዳው አልገናኝ አላቸው። ፓኒ ኤርና ቆለፉላቸው። እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አለቀስኩ፤ ከፊቴ የነበረው ሰው ምን ሆንክ ብሎ ጠየቀኝ፤ እሱም ግን እያለቀሰ ነበር።

ኢንጂነር ቪቶልድ የሰው ልጅ ነው። ሁለት ቀያሾች መሣሪያ አስይዞ ላከ፤ ሦስት ሳምንት ለኩ። ውጤታቸው ከደብተሩ ጋር የተለያየው በሁለት ሚሊሜትር ነው። ስምንት ቁጥር አልቆመም፤ መታጠፊያው ላይ በእግረኛ ፍጥነት እንዲያልፍ ብቻ ታዘዘ። ወረቀቱ ከየፌርማታው ሲነሣ ትራሙ ውስጥ ሰው ሁሉ እየተሳሳቀ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ቱምቢ ቱምቢውን ያያል።

«ፓን ኤቫልድ፣ አሸነፉ እኮ» አልኳቸው።

«ቶሎ እሺ አሉ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለምን ቶሎ እሺ አሉ?»

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሚሄድ ትራም ውስጥ ቱምቢ ምን ይለካል? ዝም ብሎ ይወዛወዛል እንጂ።»

ግራና ቀኛቸውን አዩ። «ምንም አይለካም» አሉ። «እየለካሁ እንደሆነ እንዲያዩ ነው። ያን ጊዜ አጠገቤ አንድ የሚያይ ሰው ቢኖር ኖሮ ዐሥራ ሁለት ብዬ አልፈርምም ነበር።»

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ልስቅባቸው ነበር። አሁን ሲዘገዩ ዐይኔ ከፌርማታው አይነሣም፤ ታመሙብኝ እንዴ እላለሁ። በኅዳር እውነትም ጉልበታቸው ታመመና ሐሙስ ከቤት መውጣት አቃታቸው። ፓኒ ኤርና ከኋላ ሆነው በከዘራቸው ጀርባዬን ነካ አደረጉኝ። ቱምቢውን ከእጃቸው ተቀብዬ በበርባራ መታጠፊያ ወረድኩ። በኮቴ ንፋሱን ከልዬ፣ ተንበርክኬ፣ ሁለት ጊዜ ለካሁ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ ምሰሶውን መታ መታ አደረግሁት።

ቁጥሩን ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ከአልጋው ላይ ሆነው አዩት። «ንፋስ ነበር?» አሉ። ነበር አልኩ። «ጠብቀሃል?» ጠብቄያለሁ። «ማን ላከህ?»

«ፓኒ ኤርና።»

ደብተሩን ከፍተው ቁጥሬን ጻፉ፤ ከአጠገቡም ትንሽ የጥያቄ ምልክት አደረጉበት። ቅር አለኝ፤ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ተሳፍሬ፣ በብርድ ተንበርክኬ ይህን ማግኘቴ ነው? ፊቴን አይተው ይሆናል፣ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ገጹን ገለጥኩ፣ ከጎኑ የተደረደሩትን ሌሎቹን ደብተሮችም ገለጥኩ። ከሃያ ዓመት ጀምሮ በገዛ እጃቸው በጻፉት ቁጥር ሁሉ አጠገብ ያው የጥያቄ ምልክት ነበረ።

«በሚቀጥለው ሐሙስም አንተ ሂድ» አሉኝ። «እኔ አርብ ሰው ልኬ አረጋግጣለሁ።»